ጥሩ የሚለው ማሽን

«አላጠፋሽም።»

«አጥፍቻለሁ።»

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት! ማታ መጋረጃ ስዘጋ መኪናው ውስጥ መብራት ቦግ ብሎ ነበር።»

በእኔና በእነሱ ቤት መካከል ያለው አጥር ቆርቆሮ ስለሆነ ጆሮዬን መጣል አያስፈልገኝም፤ ወሬው ራሱ ተሻግሮ ይመጣልኛል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። በክርክሩ መሀል የመኪናው ቁልፍ ሲዞር ይሰማል፤ ሞተሩ «እ... እ... እ...» ይልና ብዙ አስቦ አስቦ ሐሳቡን እንደቀየረ ሰው ዝም ይላል። ሹራቤን ደርቤ ወጣሁ። ባልየው ነጭ የቢሮ ሸሚዙን ለብሶ፣ የጥርስ ብሩሹን እንደ አለንጋ ይዞ ሚኒባሱ አጠገብ ቆሟል። ሚስቱ መሪው ላይ ናት፤ ፊት ለፊቷን እንጂ እሱን አታይም። እኔ ወደ በረንዳዬ ዞር ስል ነገሩ ገባኝ። ማታ ማታ የማበራት አምፖል በቀጥታ የመኪናው መስታወት ላይ ነው የምትወድቀው። ዛሬ ሳላጠፋት ስለወጣሁ አሁንም እንደ ተሳፋሪ መስታወቱ ውስጥ ቁጭ ብላለች።

«ኧረ ያ የኔ አምፖል ነው!» አልኩ። «ይኸው፣ አሁንም አለች።»

ባልየው መስታወቱን አየ፤ አምፖሌን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። «እትዬ፣ እርስዎ ለሷ ማዳላትዎ ዛሬ አልተጀመረም» አለኝና አፉን ሊጉመጠመጥ ገባ።

ሚስቱን ሰፈሩ ካፒቴን ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት አሥራ አራቱ ተማሪዎቿ ናቸው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ጮክ ብላ ሳትቆጥር መኪናውን ንቅንቅ ስለማታደርግ። ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚህን ልጆችና ታላላቆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሳ መልሳለች፤ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም ነበር፤ አዲሱ ባትሪ እስኪገባ ድረስ። ባትሪው የተገዛው ከሦስት ወር በፊት ከዋርሳዋ ሱቅ ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም ባትሪ ነጋዴ ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ዘንድ መግዛት እንዴት ይሆናል? ዘመድ ምን ይላል? ዋጋው የሁለት ወር አስቤዛ ነበር፤ «ለናንተ ስለሆነ ነው» ተብሎም ያው የሁለት ወር አስቤዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን መኪናው ደህና ይነሳል፤ ጠዋት ብርድ ሲሆን ግን አሻፈረኝ ይላል። በተናገረች ቁጥር ዋርሳዋ መመርመሪያ ማሽኑን አውጥቶ ይለካዋል፤ ማሽኑም «ጥሩ» የሚል ወረቀት ይተፋል። ባትሪው ጥሩ ከሆነ፣ መኪናው ደግሞ ካልተነሳ፣ ጥፋተኛ ሆኖ የሚቀረው ማን ነው? መሪው ላይ የተቀመጠችው።

መጀመሪያ «መብራት ሳታጠፊ እያደርሽ ነው» አሉ። ቀጥሎ «ቁልፍ አዟዟርሽ ነው» አሉ። እሷ ራሷ እስክትጠራጠር ድረስ ተባለ። መሪው መሀል ላይ በፕላስተር የለጠፈቻትን ወረቀት ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው፤ በትልልቅ ፊደል «መብራት!» ትላለች። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ በነጠላ ጫማ ወጥታ መኪናውን ዞር ዞር ስትል ጥላዋን በመጋረጃዬ አይቻለሁ፤ ደግ አደረግሽ አላልኳትም፣ ምን ሆንሽ አላልኳትም። ጎረቤትነትም ልክ አለው። አሁን ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፏል። ሁለት ጊዜ አርፍዳለች፤ ሦስተኛ ከደገመች ውሉ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ትናንት ማታ ባልና ወንድሙ በስልክ ተማክረው ጨርሰዋል፦ ዋርሳዋ ደህና ሾፌር አግኝቷል፤ ከሰኞ ጀምሮ እሱ ይነዳል። እሷስ? እሷ ከኋላ ተቀምጣ ልጆቹን ትቆጥራለች። ቁልፉን ዛሬ አርብ፣ ከሥራ መልስ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እንድታስቀምጥ ተነግሯታል። ይኼን ስትነግረኝ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ያንን ነው የፈራሁት።

ገፋን። ባልየው ነጭ ሸሚዝ ስለለበሰ አስተያየት በመስጠት ተባበረን። እኔ፣ ዳቦ ጭኖ የሚያልፍ ሰውዬና የማዶው ግቢ ዘበኛ ነን የገፋነው። ቁልቁለቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ለቀቀችው፤ መኪናው እንደ ሰካራም ተንገጫገጨና ተነሳ። ልጆቹን ከየበራቸው ለቅመን ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ መግቢያው ሰዓት ሊያልፍ ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። «ስንደርስ» የምለው እኔም ስለነበርኩ ነው፤ የስፌት መኪናዬ መርፌ ተሰብሮ ገበያ መውጣት ነበረብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ መርፌው ቅዳሜ ቢገዛም አይሞትም ነበር። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ሰዓቱን አየ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ እስክሪብቶውን አነሳ፤ ከዚያ የሚጽፈው ስላጣ እንደ ማዘን ብሎ መልሶ ከደነው። አሥራ አራተኛው ልጅ ወርዶ «ቻው ካፒቴን!» ሲላት ብቻ ነው ፈገግ ያለችው።

«እትዬ፣ ሞተሩን አላጠፋም» አለችኝ። «እንዲሁ እየሠራ ሱቁ ድረስ እወስደዋለሁ። ዛሬ ይኼ ነገር ካልገባኝ በቃኝ።»

የዋርሳዋ ሱቅ ጠባብ ነው፤ ሦስቱ ግድግዳ እስከ ኮርኒሱ ባትሪ ተደርድሮበታል፤ የታችኞቹ ላይ ጣቴን ባሳርፍ ስሜን መጻፍ የሚያስችል አቧራ አለ። እሱ ደግ ሰው ነው፤ ይኼን ልካድ አልልም። ሲያየን ብድግ ብሎ ወንበር አመጣ፤ ሻይ ልዘዝ አለ፤ የኔን ጉልበት ጠየቀ፤ የዳቦ ዋጋ መጨመሩን አነሳ። የባትሪውን ነገር ያነሳው ግን እሱ አይደለም። እሷ ናት፦ «ዛሬም አልተነሳም።» ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር፤ አንደኛው አየት አድርጓት ወደ ጓደኛው ከንፈሩን ገፋ። ዋርሳዋ ማሽኑን ከመሳቢያ አወጣ፤ እንደ ሐኪም የደም ግፊት መለኪያ ያለች ነገር ናት፤ ሁለት መቆንጠጫ አላት፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር፤ ትንሽ መስኮትም አላት፤ ወረቀት የምታወጣበት አፍም አላት። ሞተሩን አስጠፍቶ ኮፈኑን ከፈተና ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር ቆነጠጠ።

እኔ ሆዬ፣ የባትሪው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ከሱ በላይ ሆኜ ማንበብ ያዝኩ። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ይላል፤ ይኼ የዋስትናው ወር መሆን አለበት ብዬ ለራሴ ተረጎምኩ። ቀጥሎ ሰባ ይላል፤ ከጎኑ ሁለት የፈረንጅ ፊደል አለ። ከዚያ ስድስት መቶ ይላል፤ ከጎኑ ሦስት የፈረንጅ ፊደል አለ። የማሽኗ መስኮት ደግሞ በሦስት ፊደል የሆነ ነገር ጠየቀችና ቁጥር ጠበቀች። ዋርሳዋ «ሰባ» አለና ቁልቁል የምታሳየውን ቀስት ይጫን ገባ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ መቶ ላይ ቆመ። ደጋግሞ ተጫነው። አልወርድም አለች።

«አያችሁ፣ ይቺ ማሽን ከመቶ በታች አትሠራም» አለ ሳቅ ብሎ። «ግድ የለም፣ ለናንተ ብዬ ሠላሳ ጨመርኩላችሁ። መቶ ይሁን።»

ማሽኗ ጥቂት አሰበች፤ «ጢ!» አለች፤ አረንጓዴ አበራች፤ ወረቀቷንም አወጣች። ዋርሳዋ ቀዶ ለደንበኞቹም ጭምር በሚሰማ ድምፅ አነበበው፦ «የሚጠበቅበት መቶ። የተገኘው ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት። ጥሩ ባትሪ! እህቴ፣ ከእጥፍ በላይ እኮ ነው! እኔ በዕድሜዬ እንዲህ የሚጠበቅበትን እጥፍ የሚሰጥ ዕቃ አይቼ አላውቅም። ሰውም እንዲህ አይሰጥም።»

«ይኼ ሰባ ምንድን ነው?» አለችው ካፒቴን።

«ጉልበቱ ነዋ።»

«ስድስት መቶውስ?»

«እሱ የፋብሪካው ነው።»

«የፋብሪካው ምኑ?»

«የፋብሪካው ነዋ! እነሱ የሚያውቁት ነገር ነው። ፋብሪካ ስንት ቁጥር አለው!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያደረገው ግን ደንበኞቹ እንዳይሰሙት አልነበረም። «እህቴ፣ አትቀየሚኝ። መኪና ልምድ ይፈልጋል። ሰኞ የሚመጣው ሰውዬ ሃያ ዓመት የነዳ ነው። አንቺም ታርፊያለሽ።»

ደንበኛው አሁን ከንፈሩን መግፋት ትቶ ግልጥ አድርጎ ሳቀ። ካፒቴን ወረቀቱን ተቀበለች፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ አመሰገነችው። ሞተሩ ሞቆ ስለነበር አንገራግሮ ተነሳላት። እኔ ለማጽናናት ብዬ ስለ መርፌ አወራኋት፤ የስፌት መርፌም ቁጥር አለው፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት፣ ቁጥሩ ከጨርቁ ጋር ካልሄደ ግን ጨርቁ ይተለተላል እንጂ አይሰፋም፣ እኔም ይኼን ያወቅሁት የሰው ቀሚስ አበላሽቼ ነው አልኳት። አልሰማችኝም መስሎኝ ነበር። መስቀለኛው መንገድ ላይ ግን ወደ ቤት መታጠፏን ትታ ወደ ጋራዦቹ ታጠፈች።

ዲናሞ የሚሏቸው ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ሱቅ የላቸውም፤ አሮጌ የዕቃ ኮንቴይነር ጥግ ቆርቆሮ ከድነው፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። መነጽራቸው በሽቦ ታስሯል። ካፒቴን የመጣችበትን ስትነግራቸው ሻያቸውን ጨረሱ፣ ብርጭቆውን ደፉ፣ ከዚያ ሁለት ገመድ ያላት መለኪያ አምጥተው ባትሪው ላይ ነኩ።

«አጥፊው» አሏት።

አመነታች። ደግማ ካጠፋችው ላይነሳ ይችላላ። አጠፋችው። መለኪያዋ አሥራ ሁለት ተኩል አካባቢ ረጋች። «አሁን አስነሺ» አሉ። ቁልፉን አዞረች፤ ቁጥሩ እንደ ተገፋ ሰው ተንደርድሮ ወርዶ ስምንት ተኩል ገባ፤ ሞተሩ አቃስቶ ተነሳ።

«ሲያርፍ አሥራ ሁለት ተኩል» አሉ ዲናሞ። «ሲሠራ ስምንት ተኩል።»

«ስንት ወንድ አውቃለሁ እንዲህ ያለ» አልኩ። ሽማግሌው ሳይስቁ ተቀበሉኝ።

ከዚያ ያስረዷትን እኔ ስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት እንኳ ገብቶኛል። አንድ ጣታቸው ግማሽ ነው፤ በሱ እየጠቆሙ ነው የሚያስረዱት። «ይኼ አሥራ ሁለት ግፊቱ ነው ልጄ፤ ቮልት። የሁሉም ትንንሽ መኪና ያው ነው፤ ተይው። ይኼ ሰባ፣ አምፔር ሰዓት ይሉታል፤ ሆዱ ስንት እንደሚይዝ ነው። መኪናው ቆሞ መብራት ቢበራ ስንት ሰዓት ይችላል የምትይው በዚህ ነው። ይኼ ስድስት መቶ ደግሞ በብርድ፣ ቁልፍ ስታዞሪ፣ በአንድ ትንፋሽ ስንት አምፔር ወርውሮ መስጠት እንደሚችል ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚጠይቅሽ ይኼን ነው። ጠዋት ዘይቱ ረግቶ ሞተሩ ሲከብድ፣ ሆዱ ሙሉ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? መወርወር ካልቻለ አልቻለም።»

«በርሜሉና የቧንቧው አፍ ማለት ነው» አለች ካፒቴን ቀስ ብላ። ባሏ የውሃ መሥሪያ ቤት መዝገብ ሠራተኛ ስለሆነ በቤታቸው ነገር ሁሉ በውሃ ነው የሚተረጎመው።

«በይው።»

ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣችላቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡት፤ መልሰው አነበቡት። «መቶን ማን ነው የሰጠው?» አሉ። ሰባ ሊያስገባ ሄዶ ማሽኗ እምቢ ስትለው ለናንተ ብዬ ጨመርኩ እንዳለ ነገርናቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ወስደው ከባትሪው ጽሑፍ ጎን ያዙት።

«ማሽኗ የጠየቀችው ስድስት መቶውን ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እሱ የሌላውን ቁጥር ይዞላት ሄደ። እሷ ምን ታድርግ? መቶ የሚጠበቅበት ባትሪ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ከሰጠ ጎበዝ ነው። ከስድስት መቶ የታረመ ፈተና ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ያመጣን ልጅ፣ ከመቶ ነው ብለሽ ለአባቱ ብታሳዪው፣ አባቱ ብስክሌት ይገዛለታል።» ባትሪው ላይ የታተመችውን ቀን በግማሽ ጣታቸው ጠረጉ። «ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት ቆሟል። ሳይሞላ የቆመ ባትሪ ውስጥ ውስጡን ይደርቃል። ሰውዬው አላታለለሽም፤ አያውቅም። ያ ይብሳል።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። የተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ላይ ቁጭ አለችና መሬቱን አየች። «ሦስት ወር» አለች። «ሦስት ወር ሙሉ ከመኝታዬ እየተነሳሁ የጠፋ መብራት ሳጠፋ።» ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

በወረቀት እንዲጽፉላት ለመነቻቸው፤ ባሏ ያለ ወረቀት አያምንም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ማሽን አለው፤ እኔ ያለኝ ይቺ በሽቦ የታሰረች መነጽር ናት። የኔን ጽሑፍ ማን ያነብልሻል? ራሷ ማሽኗ ትመስክር።»

ከቀትር በኋላ ልጆቹን መልሳ፣ ቆጥራ አውርዳ፣ ለዋርሳዋ ስልክ ደወለች። ሰው እንዴት እንደዚያ ረጋ ብሎ ሊናገር እንደሚችል አላውቅም። «ወንድሜ፣ ማሽንህን ይዘህ ብቅ በልልኝ። ወንድምህ ፊት አንድ ጊዜ ለካልኝና ከዚያ እኔም አርፌ ቁልፉን አስረክባለሁ» አለችው። ደስ ብሎት ተስማማ። ማሽኗን ሰው ፊት ማውጣት ይወዳል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰብስበው ነበር። እኔ የተጋገረ ዳቦ ላካፍል ብዬ ነው የገባሁት፤ ዳቦው ሰበብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረኝም። ሳሎናቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው፤ የሶፋው ልብስ እኔ የሰፋሁት ነው፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ የሁለቱ ወንድማማቾች የልጅነት ፎቶ ትከሻ ለትከሻ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ቁልፉ ተቀምጧል። ስኳር፣ ማንኪያ፣ ቁልፍ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ እጁን ሲዘረጋ ቁልፉን እንዳይነካ ይጠነቀቃል። አማቷ በሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያረጀ ሹራብ እየተረተሩ ክሩን ይጠቀልላሉ። በቀን አሥር ቃል ቢናገሩ ነው። ሦስቱን ወር ሙሉ ስለ መኪናው አንድም ቀን ትንፍሽ ሲሉ አልሰማሁም፤ ከልጆቻቸው ጋርም ከምራታቸውም ጋር አልወገኑም፤ ክር ብቻ። ዋርሳዋ ስለ መንገድ መጨናነቅ አወራ። ባልየው ስለ ቢሮው ጣሪያ ማፍሰስ አወራ። ሚስቱን ያየ የለም።

«እሺ፣ እንጨርሰው» አለ ባልየው ተነስቶ። ክንዱ ሥር ማኅደር ይዟል። ማሽኗ የሰጠችውን ወረቀት ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል በዚያ ውስጥ ሰፍቶ ያስቀምጣል። የጠዋቱንም ወረቀት ገና ከሥራ ሲገባ ነው የተቀበላት።

ወጣን። አማቲቱም ክራቸውን እንደያዙ ወንበራቸውን በረንዳው ላይ አስወጡ። ዋርሳዋ ኮፈኑን ከፍቶ ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር ቆነጠጠ፤ ማሽኗ ሦስቱን ፊደሎች አሳይታ ቁጥር ጠየቀች፤ እሱም አውራ ጣቱን ወደ ታች ቀስት ላከ።

«ስድስት መቶ አድርገው» አለች ካፒቴን።

«ምን?»

«ስድስት መቶ። ጀርባው ላይ እንደተጻፈው።»

«እህቴ፣ ስድስት መቶ የከባድ መኪና ነው! ነገርኩሽ እኮ፣ እሱ የፋብሪካው—»

«ሰባው በርሜሉ ነው፤ ስድስት መቶው የቧንቧው አፍ ነው» አለች። የተናገረችው ለዋርሳዋ ቢመስልም ዓይኗ ባሏ ላይ ነበር። «ማሽንህ ስለ ቧንቧው ትጠይቅሃለች፤ አንተ ስለ በርሜሉ ትመልስላታለህ።»

ዋርሳዋ ሳቀና ወንድሙን አየ፤ ወንድሙ እንዲስቅለት። ባልየው ግን አልሳቀም። ሌላው ነገር ሁሉ ቢቀርበት፣ ሰውዬው ሃያ ሁለት ዓመት ቅጽ ሲቀበል የኖረ ሰው ነው። በስም ቦታ ላይ ዕድሜውን የሞላን ሰው ከመስኮቱ መልሶ ያባርራል። ማኅደሩን ለኔ አቀበለኝ፤ መሐረቡን አውጥቶ የባትሪውን ጀርባ ጠረገ፤ ጎንበስ አለ።

«ማሽኑ የሚጠይቀውን አንብብልኝ።»

«ሲ፣ ሲ፣ ኤ» አለ ዋርሳዋ። «ዝም ብሎ ነው እኮ—»

ባልየው ጣቱን በባትሪው ጽሑፍ ላይ አስኬደ። ሰባው ጋ ቆመ፤ ፊደሎቹን አየ፤ አለፈ። ስድስት መቶው ጋ ቆመ። እዚያው ቆየ። «ሲ፣ ሲ፣ ኤ» አለ። «እዚህ ነው የተጻፈው። ቦታው የሚጠይቀውን ሙላ።»

«ወንድሜ፣ እኔ ስንት ዓመት—»

«ሙላ።»

ቀስቱ አሁን ወደ ላይ ነው የሄደው፤ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው። ስድስት መቶ ደረሰ። ማሽኗ አሰበች። «ጢ! ጢ! ጢ!» አለች፤ ይኼን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምቼባት አላውቅም፤ ቀይ አበራች። ወረቀቱን ዋርሳዋ ቀደደ እንጂ በዚህኛው ጊዜ አላነበበም። ባልየው ከእጁ ወሰደው። የሚጠበቅበት ስድስት መቶ። የተገኘው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። ቀይር።

ዋርሳዋ መቆንጠጫዎቹን አላቅቆ መልሶ ቆነጠጠ። ስድስት መቶ አስገባ። ቀይ። ቀይር።

ባልየው ማኅደሩን ከኔ ተቀብሎ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ዘረጋው። ሦስቱን ወረቀቶች በየተራ ገለጣቸው፤ ሦስቱም ላይ ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ ይላል። ከጥሩው በላይ ያለውን ቁጥር ግን ያየው ዛሬ ገና ነው፦ ሦስት መቶ አሥር፣ ሁለት መቶ ሰባ አራት፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት። በራሱ እጅ፣ በቀን ቅደም ተከተል፣ ቀዳዳ በስቶ ነው የሰፋቸው። አራተኛውን ወረቀት ከላይ አስቀመጠና ማኅደሩን ከደነ። መሸትሸት ብሎ ነበርና ከቤት ስወጣ ያበራኋት አምፖሌ እንደ ልማዷ ሚኒባሱ መስታወት ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር። ባልየው አያት። ወደ በረንዳዬ ዞረ፤ እንደገና መስታወቱን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። ካፒቴን ይቅርታ እስኪላት አልጠበቀችም መሰለኝ፤ ወይም ጠብቃ ጠብቃ ሰልችቷት ይሆናል። ሳሎን ገብታ ቁልፉን ከስኳሩ ጎን አነሳችና ኪሷ ከተተች። ተመልሳ የመኪናውን በር ከፈተች፤ መሪው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በጥፍሯ ጠርዟን ይዛ ቀስ ብላ ላጠቻት። ፕላስተሩ ጠንክሮ ስለነበር ጊዜ ወሰደባት።

ዋርሳዋ ማሽኗን ነቀነቃት፤ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሰማት፤ በጀርባዋ ገለበጣት።

«የማሽኗ የራሷ ባትሪ ደክሞ ይሆናል» አለ።

አማቲቱ ቀና አላሉም። ክሩን አንድ ዙር ጠቀለሉ።

«ማን መብራት ሳያጠፋባት አድሮ ነው?»